ረሃብና ጥጋብ ከየት ይመጣሉ? የጨጓራና የአንጀት ሆርሞኖች የምግብ ፍላጎትን እንዴት ይቆጣጠራሉ?

ክብደታቸው ከጨመረ ወይም የደም ስኳራቸው አልወርድ ካላቸው ታካሚዎች ደጋግሜ የምሰማው ንግግር አለ፦ «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፌን መዝጋት አቃተኝ።» አብሮ የመጣው የቤተሰብ አባልም ብዙ ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። በቋንቋችን «ሆዳም» ስድብ ነው። ብዙ የሚበላ ሰው ራሱን መግዛት እንዳቃተው ተደርጎ ይቆጠራል። ታካሚውም ይህን አምኖ፣ አፍሮና ተስፋ ቆርጦ ይመጣል።

የሰውነታችን አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይነግረናል። መቼ እንደሚርበን፣ ምን ያህል ስንበላ እንደምንጠግብ እና ጥጋቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በአብዛኛው የሚወስነው በጨጓራ፣ በአንጀትና በአንጎል መካከል ያለማቋረጥ የሚካሄድ የመልእክት ልውውጥ ነው። መልእክተኞቹ ሆርሞኖችና ነርቮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ መልእክቱ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ምን ሊያዛባው እንደሚችል እና እርስዎና ቤተሰብዎ ምን ማድረግ እንደምትችሉ እናያለን።

ሆርሞን ምንድን ነው?

ሆርሞን ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ተመርቶ በደም አማካኝነት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ ኬሚካል ነው። ብዙዎቻችን ሆርሞን ሲባል የሚመጣልን የታይሮይድ ዕጢ፣ ኢንሱሊን ወይም የመራቢያ ሆርሞኖች ናቸው። ነገር ግን በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ሆርሞን የአንጀት ሆርሞን ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ቀጭኑ አንጀት «ሴክሪቲን» የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም እንደሚለቅና ቆሽትን እንደሚያዝ አሳዩ። ዛሬ ጨጓራና አንጀት ከሰውነታችን ትልልቅ የሆርሞን አምራቾች መካከል እንደሆኑ እናውቃለን።

የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠሩ ዋና ዋና ሆርሞኖች

1. ግሬሊን፦ የረሃብ ሆርሞን

ግሬሊን በአብዛኛው የሚመረተው በጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በጃፓን ተመራማሪዎች ተገኘ። ከምግብ ሰዓት በፊት በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ከበላን በኋላ ደግሞ ዝቅ ይላል። ለአንጎል የሚያደርሰው መልእክት «የምግብ ሰዓት ደርሷል» የሚል ነው።

ግሬሊን ልማድ ይከተላል። ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ የሚበሉ ከሆነ፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከፍ ማለት ይጀምራል። ያን ቀን ባይበሉ እንኳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ዝቅ ይላል። ጾም የሚጾም ሰው ይህን ከራሱ ያውቀዋል፤ ረሃቡ እንደ ማዕበል መጥቶ ይበረታል፣ ከዚያ ምንም ሳይቀመስ ጋብ ይላል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቁርስ ሰዓት የሚከብደው፣ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የሚለመደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

2. ሲሲኬ፦ «በቃ» የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ

ሙሉ ስሙ ኮሌሲስቶኪኒን ነው። ስብና ፕሮቲን ያለው ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል። ሐሞት ከረጢት እንዲኮማተርና ሐሞት እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ቆሽትንም ያነቃቃል። ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገያል፤ ለአንጎልም ማዕዱ ሊበቃ እንደተቃረበ ይናገራል። ሥራው ግን አጭር ነው። አንድን ማዕድ እንድንጨርስ ይረዳናል እንጂ እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ አያቆየንም።

3. ጂኤልፒ-1፦ የስኳርም የጥጋብም ሆርሞን

ይህ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመረተው በቀጭኑ አንጀት መጨረሻና በትልቁ አንጀት ውስጥ ባሉ ሴሎች ነው። አራት ሥራዎች አሉት፦

• የደም ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያደርጋል።
• ስኳር የሚጨምረውን ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል።
• ጨጓራ ምግቡን ቀስ እያለ እንዲለቅ ያደርጋል።
• አንጎል ጥጋብ እንዲሰማው ያግዛል።

ሰውነታችን የሚያመርተው ጂኤልፒ-1 በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ አንድ ኢንዛይም ፈጥኖ ያፈርሰዋል። ይህን ያስታውሱ፤ ስለ አዲሶቹ መድኃኒቶች ስናወራ እንመለስበታለን።

4. ፒዋይዋይ፦ ጥጋብን የሚያቆይ

ከጂኤልፒ-1 ጋር ከተመሳሳይ ሴሎች ይለቀቃል። ከምግብ በኋላ ከፍ ብሎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ሳይርበን እንድንቆይ ያግዛል።

5. ሌፕቲን፦ የስንቅ ቆጣሪው

ሌፕቲን የአንጀት ሆርሞን አይደለም፤ የሚመረተው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ተገኘ። ለአንጎል የሚነግረው ስለ አንድ ማዕድ አይደለም፤ በጎተራው ውስጥ ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ነው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም «ስንቁ እያለቀ ነው» ብሎ ረሃብን ያበረታል።

መልእክቱ ወደ አንጎል የሚደርሰው እንዴት ነው?

መንገዱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ይህ ረጅም ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገትና በደረት አልፎ ወደ ሆድ ይወርዳል። ብዙ ሰው ነርቭ ሲባል ከአንጎል ወደ ሰውነት ትእዛዝ የሚያወርድ ብቻ ይመስለዋል። በቬገስ ውስጥ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ ግን መልእክት የሚወስዱት በተቃራኒው፣ ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ጨጓራ በምግብ ሲለጠጥ፣ ሲሲኬ ወይም ጂኤልፒ-1 በአንጀት ውስጥ ሲለቀቅ፣ ወሬው በዚህ ነርቭ በፍጥነት ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ ደም ነው። አብዛኛው የአንጎል ክፍል በደም ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዳይገባበት በጥብቅ የታጠረ ነው። አጥሩ የላላባቸው ጥቂት ቦታዎች ግን አሉ፤ ሆርሞኖች በእነዚያ በኩል መልእክታቸውን ያደርሳሉ። ከእነዚህ አንዱ በአንጎል ግንድ ላይ የሚገኝና ማስታወክን የሚቆጣጠር ቦታ ነው። የጥጋብን ምልክት የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የማቅለሽለሽ ስሜት የሚያመጡት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

መልእክቱ በመጨረሻ የሚሰበሰበው ሃይፖታላመስ በተባለ ትንሽ የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ሁለት የነርቭ ሴሎች ቡድኖች አሉ። አንደኛው ሲነቃ «ብላ» ይላል፤ ግሬሊን ይህን ቡድን ያነቃዋል። ሌላው ሲነቃ «በቃህ» ይላል፤ ሌፕቲን ይህን ያበረታል፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ያዳክማል። የሚርበንና የምንጠግበው በሁለቱ ሚዛን ነው።

ጠግበን እያለን ለምን እንበላለን?

ምግብ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም፤ ደስታም ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በተባለ ኬሚካል የሚሠራ የደስታ መንገድ አለ። ስኳርና ስብ የበዛበት ምግብ ይህን መንገድ አጥብቆ ያነቃቃል። ዶሮ ወጥ ጠግቦ የበላ ሰው ኬክ ሲቀርብለት እጁን የሚዘረጋው ስለራበው አይደለም። ጭንቀት፣ ሐዘንና ብቸኝነትም ይህን መንገድ ያነሣሣሉ።

በተጨማሪም የእኛ ማዕድ ማኅበራዊ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንድ ጉርሻ ብቻ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆርሞኑ «በቃ» ብሎ ሳለ አክብሮትና ይሉኝታ «ጨምር» ይላሉ።

ክብደት ከቀነሱ በኋላ ረሃቡ ለምን ይበረታል?

ይህን ክፍል በተለይ ብዙ ጊዜ ክብደት ቀንሰው መልሶ የጨመረባቸው ሰዎች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

በ2011 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት ታትሟል። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሰዎች ለ10 ሳምንታት በጣም የተቀነሰ ምግብ ወስደው በአማካይ ከ13 ኪሎ በላይ ቀነሱ። ሌፕቲን፣ ሲሲኬና ፒዋይዋይ ወረዱ፤ ግሬሊን ከፍ አለ፤ ረሃባቸውም ጨመረ። አስገራሚው ነገር ከአንድ ዓመት በኋላ የታየው ነው። ለውጦቹ በአብዛኛው ወደ ነበሩበት አልተመለሱም ነበር። ሰዎቹ ከዓመት በኋላም ከበፊቱ ይበልጥ ይርባቸው ነበር።

ይህ ማለት ሰውነት የክብደት መቀነስን እንደ ድርቅ ይቆጥረዋል፤ ያጣውን ስንቅ ለመመለስም ይታገላል። ለቀድሞ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህ ሕይወት አዳኝ ነበር። ዛሬ ግን ክብደት መቀነስ ለሚገባው የስኳር ወይም የደም ግፊት ታካሚ እንቅፋት ነው። ስለዚህ ክብደትዎ ቢመለስ የስንፍና ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። ትግሉ ከራስዎ ሰውነት ጋር ስለሆነ ረጅም ክትትልና እገዛ ይፈልጋል ማለት ነው።

አንድ የተሳሳተ ግምትም ላርም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው ሰዎች ግሬሊናቸው ከሌላው ሰው የበዛ ይመስለናል። በአብዛኞቹ ላይ የሚታየው ግን ዝቅ ያለ ግሬሊንና ከፍ ያለ ሌፕቲን ነው። ችግሩ አንጎል የሌፕቲንን ድምፅ እንደ ቀድሞው አለመስማቱ ነው።

እንቅልፍ ማጣትና ረሃብ

በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ለ10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ከተደረጉበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፤ ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀነሰ፤ ረሃባቸውም በ24 በመቶ ከፍ አለ። በጣም የተመኙት ደግሞ ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዱቄት ነክ ምግብ ነበር። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች «ማታ ማታ እርሃቡ አያስችለኝም» ሲሉ ከጀርባው ይህም አለ።

ስለ «ክብደት መቀነሻ መርፌ» ማወቅ ያለብዎት

ተመራማሪዎች ጂኤልፒ-1ን እንደ መድኃኒት ለመጠቀም ሲያስቡ የገጠማቸው ችግር በደቂቃዎች መፍረሱ ነበር። መፍትሔው ካልተጠበቀ ቦታ መጣ። ጆን ኢንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጊላ ሞንስተር በተባለ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስልና ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚህ የተነሣው ኤክሴናታይድ የተባለ መድኃኒት በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ የተሠሩት ሊራግሉታይድ፣ ሴማግሉታይድ (ኦዘምፒክና ዌጎቪ) እና ሁለት ሆርሞኖችን አስመስሎ የሚሠራው ቲርዜፓታይድ (ሞንጃሮ) መጡ።

በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት የስኳር ሕመም የሌላቸው ሰዎች ሴማግሉታይድን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ68 ሳምንታት ሲወጉ ክብደታቸው በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቱን ባቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መልሰው ጨመሩ። ከላይ ያየነውን ካስታወሱ ይህ አያስገርምም፤ መርፌው ሲቆም የረሃቡ ድምፅ ይመለሳል።

ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚላክ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ መርፌ ያለ ሐኪም ክትትል ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ይወቁ፦

• ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። ስለዚህ መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል።
• የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣት ሊያስከትል ይችላል። ወደ ጀርባ የሚሄድ ጠንካራ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።
• ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ ከሚወስዱ ሰዎች ጋር ሲደመር ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።
• ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እርግዝና ካሰቡ ሴማግሉታይድ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት መቆም አለበት።
• እርስዎ ወይም የቅርብ ዘመድዎ ሜዱላሪ የተባለ የታይሮይድ ካንሰር ካለባችሁ አይወሰድም።
• ቀዶ ሕክምና ካለብዎት መውሰድዎን ለሰመመን ሰጪው ባለሙያ ይንገሩ።
• መርፌው ከመጀመሩ በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ መሥራት ግን የለበትም። በጉዞ ለረጅም ጊዜ ሙቀት ያገኘው መርፌ አቅሙን ሊያጣ ይችላል።
• የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

በቤትዎ ማድረግ የሚችሉት

ቀስ ብለው ይብሉ። የአንጀት የጥጋብ መልእክት ሙሉ ለሙሉ ለመሰማት 15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በ5 ደቂቃ የተጨረሰ ምሳ መልእክቱን ይቀድመዋል። ሁለተኛ እንጀራ ከመጨመርዎ በፊት ጥቂት ይጠብቁ።

ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ይኑርዎት። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ዓሣ የጥጋብ ሆርሞኖችን በደንብ ያነሣሣሉ። እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡንና አትክልቱን ጨመር ያድርጉ፤ ዘይቱ ግን አይብዛ።

ካሎሪዎን አይጠጡ። ለስላሳ መጠጥ፣ ጁስና ስኳር የበዛበት ሻይ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ጥጋብ ግን አይሰጡም ማለት ይቻላል።

የምግብ ሰዓትዎን ያስተካክሉ። ግሬሊን ልማድ ስለሚከተል የተወሰነ ሰዓት መኖሩ ድንገተኛ ረሃብን ይቀንሳል።

በቂ እንቅልፍ ይተኙ። ለአብዛኛው አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይመከራል።

ጾም ሲፈታ ይጠንቀቁ። በፋሲካም ሆነ በረመዳን ማፍጠሪያ በትንሽ ጀምረው፣ ጥቂት ቆይተው ይቀጥሉ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።

ለቤተሰብ

በማዕድ ላይ ታካሚውን መቆጣጠር፣ በሰው ፊት «ይበቃሃል» ማለት ወይም ማሾፍ ረሃብን አይቀንስም፤ ተደብቆ መብላትን ያስተምራል። ይልቁንም የቤቱን ማዕድ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጉት። «በቃኝ» ሲል ደግሞ «በሞቴ» አትበሉት። ፍቅራችሁን ለመግለጽ ሌላ መንገድ አለ፤ አብራችሁት በእግር ተንሸራሸሩ።

ተቃራኒው ችግርም አለ። በዕድሜ በገፉ እናትና አባት ላይ የጥጋብ ምልክቱ ቶሎ ይመጣል፤ ረሃቡም ይደክማል። «ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስገደድ ይልቅ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል።

ረሃብ ወይም ጥጋብ የበሽታ ምልክት የሚሆነው መቼ ነው?

በሚከተሉት ሁኔታዎች ሐኪም ያማክሩ፦

• በደንብ እየበሉ ክብደት ከቀነሱ፤ በተለይ የውሃ ጥማትና ሽንት መመላለስ ካለ (የስኳር ሕመም)፣ ወይም የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ካለ (የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት)።
• ጥቂት ጉርሻ ብቻ ቀምሰው ቶሎ የሚጠግቡ ከሆነ፤ በተለይ ከክብደት መቀነስ፣ ከማስታወክ፣ ከጥቁር ሰገራ ወይም ለመዋጥ ከመቸገር ጋር ከሆነ። «ጨጓራዬ ነው» ብለው አይተዉት።
• እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ የምግብ ፍላጎትዎ በጣም ከጨመረ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ።
• ብዙ ምግብ ባንድ ጊዜ በልተው በኋላ ራስዎን የሚያስታውኩ ወይም በምግብ ምክንያት ከባድ ኀፍረትና ጭንቀት የሚሰማዎት ከሆነ።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ላይ ከላብ፣ ከመንቀጥቀጥና ከመደናገር ጋር የሚመጣ ድንገተኛ ረሃብ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት፤ ከተሻለው በኋላ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ለማጠቃለል

ረሃብ የሰውነት መልእክት ነው። መልእክቱ በእንቅልፍ ማጣት፣ በመድኃኒት፣ በሕመም ወይም በክብደት መቀነስ ምክንያት ከልክ በላይ ሊጮህ ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ «አፌን መዝጋት አቃተኝ» ከማለት ይልቅ መቼ እንደሚርብዎ፣ ከበሉ በኋላ ጥጋቡ ለምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ይምጡ። ከወቀሳ ይልቅ ሐኪምዎን የሚረዳው ይህ መረጃ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። የሚወስዱትን መድኃኒት ከሐኪምዎ ጋር ሳይመካከሩ አይጀምሩ፣ አያቁሙ፣ መጠኑንም አይቀይሩ።